ቢራው ይወደድ፤ አረቄውስ?

በ2012 ዓ.ም. በጋ የኤክሳይዝ ታክስ ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የሀገሩ ወሬ ሁሉ አሮጌ መኪና ሆነ። ያገለገለ መኪና የሚያስገባ ሰው እስከ 500 በመቶ ሊከፍል ነው ተባለ። አስመጪው ጮኸ፤ መኪና ለመግዛት ያላሰበውም አብሮ ጮኸ። ምክር ቤቱ የካቲት 5 ቀን አዋጁን ሲያጸድቅ ታዲያ ሁለት ሌሎች ነገሮች እምብዛም ሳይወራባቸው አለፉ፦ ሲጋራና የአልኮል መጠጥ።

አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተካው በ1995 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 307 ነው። በድሮው ሕግ ሲጋራ የማምረቻ ወጪውን 75 በመቶ፣ ቢራ ደግሞ 50 በመቶ ይከፍል ነበር። ቁጥሮቹ ላያቸው ሰው ያስደነግጣሉ። ሂሳቡ የሚሠራው ግን ፋብሪካው “ይህን ያህል አወጣሁ” ባለው ላይ ስለነበረ ለመንግሥት የሚደርሰው የቁጥሩን ያህል አልነበረም። አዲሱ አዋጅ መነሻውን ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ አዛወረው። ሲጋራ ከመሸጫ ዋጋው 30 በመቶ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ባለ 20 ፍሬ ፓኬት ቁርጥ 8 ብር ተጣለበት። ቢራ 40 በመቶ ወይም በሊትር 11 ብር፣ ከሁለቱ የበለጠውን እንዲከፍል ተደረገ፤ አብዛኛውን ጥሬ ዕቃ ከሀገር ውስጥ ገበሬ ለሚገዛው ጠማቂ ዝቅ ያለ ምጣኔ ተቀመጠለት።

ክርክሩ በዚያ አላበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. መገባደጃ ሀገሮች ሁሉ በትምባሆ፣ በአልኮልና በስኳራማ መጠጦች ላይ ታክስ ጨምረው እስከ 2035 እ.ኤ.አ. ድረስ እውነተኛ ዋጋቸውን ቢያንስ በ50 በመቶ ከፍ እንዲያደርጉ ጥሪ አቅርቧል። የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የሚሰበስበው ታክስ ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርቱ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጤናም ገቢም የሚያስገኝ ታክስ ሲገኝ የገንዘብ ሚኒስቴር ዓይኑን ጨፍኖ አያልፈውም። ስለዚህ ጥያቄው ታክሱ ይጨምር ወይስ አይጨምር የሚለው ላይ ሊቆም አይገባውም። በምን ላይ፣ እንዴትና ለምን የሚሉት ከባዶቹ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ለሲጋራና ለመጠጥ አንድ ዓይነት አይደለም።

በሲጋራው ይጀመር፤ ነገሩ ቀላል ነውና።

ኢትዮጵያ ከትምባሆ ጋር የቆየ ጠብ አላት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨሰውን ከንፈር፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫ ያስቆርጡ እንደነበር ተጽፏል። በጎጃም የገጠር ቤት ዛሬም ሲጋራ በአፉ ይዞ ሽማግሌ ፊት የሚቆም ወጣት ነውረኛ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት እንዳሳየው ትምባሆ የሚጠቀሙት ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች 5 በመቶ ያህል ናቸው፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ከብዙ ሀገሮች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጥቂት ሰው የሚያጨስበት ገበያ ለማን ይጠቅማል? መልሱን የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ በገንዘቡ ሰጥቷል። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመውና ኒያላ ሲጋራን የሚያመርተው ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ወደ ግል ሲዛወር፣ ጃፓን ቶባኮ በ2008 ዓ.ም. ክረምት 40 በመቶ ድርሻውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰው። ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከፈለ ነጋዴ ዛሬ የሚያጨሱትን ጥቂት ሰዎች ብቻ አስቦ አይደለም። ያሰበው ገና ማጨስ ያልጀመረውን፣ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት የሚያድገውን ወጣት ነው።

መንግሥት በአንድ እጁ ድርጅቱን በውድ ሸጦ በሌላው እጁ ማጠር መጀመሩ ይመሰገናል። ሀገሪቱ ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያንና ሺሻን ከልክሏል፤ የፓኬቱ 70 በመቶ ገጽ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዟል። ለአልኮልም አልራራም። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጣ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥም ተከለከለ።

ከእነዚህ ሁሉ እርምጃዎች ግን ወጣቱን ከሲጋራ አርቆ በማቆየት ዋጋን የሚያህል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የሲጋራ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚተወውም ኪሱ የሳሳው ነው፦ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከሱቅ በፍሬ እየገዛ የሚያጨሰው። “ታክሱ ድሃውን ይጎዳል” የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት ነው። ማጨሱን ያልተወው ድሃ ይበልጥ ይከፍላል፤ የተወው ግን ገንዘቡንም ሳንባውንም ያተርፋል።

በ2012ቱ አዋጅ የሲጋራው ታክስ ደካማ ጎን ቁርጡ 8 ብር ላይ ነው። ቁርጥ ብር ከዋጋ ንረት ጋር ካልተራመደ ይሟሽሻል። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ ደግሞ ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ ተንሸራተተ። የሸቀጥ ዋጋ ሁሉ በእጥፍ ሲጨምር 8 ብር የ4 ብር ክብደት ብቻ ይቀረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ታክሱ በጠቅላላው ከሲጋራው የችርቻሮ ዋጋ ቢያንስ 75 በመቶ እንዲሆን ነው። ወደዚያ ለመድረስ ቁርጡ ብር በየዓመቱ ቢያንስ በዋጋ ንረቱ ልክ ማደግ፣ ከዚያም በላይ መጨመር አለበት።

እዚህ ላይ አምራቾች በየሀገሩ የሚያነሱት ክርክር ይመጣል፦ ታክሱ ሲበዛ ኮንትሮባንዱ ይበዛል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በምሥራቅ ድንበር ሮዝማንስ ሲጋራ ሲገባ ዘመናት አስቆጥሯል። ነገር ግን ሮዝማንስ ታክሱ ዝቅተኛ በነበረበት ጊዜም ይገባ ነበር። መድኃኒቱ ታክሱን መቀነስ ሳይሆን በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ሊመረመር የሚችል የኤክሳይዝ ቴምብር መለጠፍና ድንበሩን መጠበቅ ነው። ኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. በዲጂታል የሚከታተሉት ቴምብር ስትጀምር ያደረገችው ይህንኑ ነው።

የመጠጡ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ይህን ለመረዳት ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ምሥራቅ ጎጃም መውጣት ያስፈልጋል።

በእነማይ ወረዳ በቢቸና፣ በሁለት እጁ እነሴ በሞጣ፣ በደጀን በኩል በየጥኖራ የገበያ ቀን ሲሆን የሚጠጣው ሁሉ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። በየመንደሩ ጣሳ የተሰቀለበት እንጨት ደጃፉ ላይ የቆመበት ቤት አለ። ውስጡ ጠላ ነው። ከጓዳው ደግሞ በመለኪያ የሚቀዳ አረቄ ይወጣል። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ድፍድፉ፣ እሳቱ የሴት ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መሬት የሌላት፣ ባሏ የሞተባት ወይም የተፈታች ሴት ሥራ። በዚህ ገንዘብ ልጅ ደብተር ይገዛለታል፤ ጤፍ ይሸመታል። ከቢቸና አቅራቢያ ያለችው የየትመን መንደር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተመራማሪዎች እየተመላለሱ ያጠኗት ናት፤ እዚያም የጠላና የአረቄ ሽያጭ የሴቶች ገቢ ሆኖ ተመዝግቧል። የደንበጫ አረቄ ከጎጃም አልፎ ይታወቃል፤ አርሲ ነገሌ ደግሞ አረቄን በጀሪካን እየጫነች ወደ ሌላ ከተማ ትልካለች።

በዚህ መጠጥ ላይ ቴምብር አልተለጠፈም፤ የፋብሪካ መሸጫ ዋጋም የለውም። የኤክሳይዝ ታክስ በተግባር አይደርስበትም። ጥንካሬው ግን ከሁሉ ይብሳል። ቢራ ወደ 5 በመቶ አልኮል ሲኖረው ሁለት ጊዜ የወጣ ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አንድ ሊትር ዳግም አረቄ የዘጠኝ ሊትር ቢራ ያህል አልኮል ይዟል ማለት ነው።

እንግዲህ የታክሱ መዶሻ ቢራው ላይ ብቻ ሲያርፍ ምን ይሆናል? ቢራ ለመጠጣት አቅም ያጣው ሰው መጠጡን ይተዋል ብሎ መገመት የዋህነት ነው። አንዳንዱ ይተዋል። ሌላው ከጠርሙሱ ወደ መለኪያው ይዞራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የቢራ መኪና አይገባም፤ አረቄው ግን እዚያው ጓዳ ውስጥ ይወጣል። ለፋብሪካው መጠጥ መንገድም ታክስም እንቅፋት ሲሆኑ የቤቱ መጠጥ ሜዳውን ብቻውን ይይዘዋል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል ኬንያን ማየት ይበቃል። በዚያ ሀገር ድሃው የሚጠጣው ቻንጋ የሚባል የቤት አረቄ ነበር፤ በሜታኖል ተበክሎ ሰው ይፈጃል። በ2004 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ ጠማቂዎች ኩባንያ ሴኔተር ኬግ የተባለ ርካሽ ቢራ አወጣ፤ መንግሥትም ሰዎችን ከቻንጋ ለማውጣት ሲል ኤክሳይዙን ተወለት። ቢራው ተወደደ፤ ገበያው ሰፋ። በ2013 እ.ኤ.አ. ገንዘብ የቸገረው መንግሥት 50 በመቶ ታክስ ሲጥልበት ሽያጩ ባንድ ጊዜ ወረደ፤ ጠጪው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. በተመረዘ መጠጥ ከ80 በላይ ኬንያውያን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱ። የሞቱን ሁሉ ጥፋት በታክሱ ላይ መጫን ልክ አይሆንም፤ ይሁንና መንግሥቱ ራሱ በ2015 እ.ኤ.አ. የታክሱን አብዛኛውን ክፍል መልሶ አነሣው።

ከዚህ ታሪክ “ቢራ አይቀረጥ” የሚል መደምደሚያ የሚያወጡ አሉ፤ ጠማቂዎቹ ደስ ይላቸዋል። አይሆንም። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት አልኮል በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል። የቤት ውስጥ ድብደባውን፣ የመኪና አደጋውን፣ በስካር የሚነሣውን የጎረቤት ጠብ ደግሞ የምሥራቅ ጎጃም የወረዳ ፍርድ ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። ኬንያ የምታስተምረው ታክሱ መጠጡ በያዘው አልኮል መመዘን እንዳለበት ነው። ደቡብ አፍሪካ ቢራንና ጠንካራ መጠጥን የምትቀርጠው በውስጣቸው ባለው ንጹሕ አልኮል ሊትር ነው። በዋጋ በመቶኛ ብቻ የሚሰላ ታክስ ርካሹን ጂን ከውዱ ቢራ ያነሰ ያስከፍለዋል፤ ርካሹ ጂን ግን ቶሎ የሚያሰክረው ነው። ኢትዮጵያም በጠርሙስ የሚሸጠውን ሁሉ፣ ከቢራ እስከ ጂንና ኡዞ፣ በአልኮል መጠኑ ብትቀርጠው ወጣቱ ጠንካራውንና ርካሹን የሚመርጥበት ምክንያት ይቀንሳል።

ከጓዳ የሚወጣውስ? አንድ ባለሥልጣን ተነሥቶ “እያንዳንዷ አረቄ አውጪ ትመዝገብ፤ ትክፈል” ቢል ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ይህ ሀገር በግብር ጉዳይ የቆየ ትውስታ አለው።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255ን አወጣ። አዋጁ አሥራትን ሽሮ ሰው በሚያገኘው ምርት ልክ የሚከፍለውን ግብር ተካ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ ያለው ብዙ ይከፍላል። የጎጃም ገበሬ ግን ያየው ወረቀቱን አልነበረም። ያየው ከነጭ ለባሽና ከፖሊስ ጋር ወደ መንደሩ የሚመጣውን ገማች ነው። ገማቹ ሲመጣ የመሬት መለኪያው ቃላድ ይከተላል፤ ቃላድ ሲጣል ርስት ይሄዳል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። ቀደም ሲል በወጣው የመሬት ግብር ሕግ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ መሬታቸው ሳይለካ እንዲገብሩ የተተወላቸው በጉልበት እንጂ በችሮታ አልነበረም፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያም ጎጃም በዚሁ ጉዳይ አምፆ ነበር።

በ1960 የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ገማቹን አላስገባም አለ። ጠመንጃውን አነሣ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ኃይል ጠየቁ፤ በክረምቱ አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ። ይህም ሆኖ ግብሩ አልተሰበሰበም። በመጨረሻ ንጉሡ ገዥውን አንሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንንን ላኩ፤ የዓመታት ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱ ግብርም በጎጃም ወረቀት ላይ ቀረ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ይህን አመፅ ከባሌውና ከትግራዩ ጋር አነጻጽረው በሰፊው ጽፈውታል።

ደርግም ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ትእዛዝ በሌላ መልኩ ሞክሮታል። የጥኖራን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማሳያ አድርጎ ለእንግዳ አስጎበኛት። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በመላ ሀገሪቱ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ፤ ገበሬው በሬውንና ማሳውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

እነዚህን ታሪኮች “ጎጃሜ ግብር አይወድም” ብሎ ማጠቃለል ስንፍና ነው። ገበሬው ያልተቀበለው ምንነቱ ያልተነገረውን፣ ጥቅሙ ያልታየውንና ከታጠቀ ሰው ጋር የመጣውን ግብር ነው። ዛሬ የሲጋራና የመጠጥ ታክስ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከፋብሪካው በር ስለሆነ ጠመንጃ አያስነሣም። ሆኖም ጥያቄው አልተለወጠም፦ ብሩ ወዴት ሄደ?

መልስ የሰጡ ሀገሮች አሉ። ፊሊፒንስ በ2012 እ.ኤ.አ. የትምባሆና የአልኮል ታክሷን ስታሻሽል ከጭማሪው ገቢ ለትምባሆ ገበሬዎች የሚሰጠው ተቀንሶ የቀረው ለጤና እንዲውል በሕግ ወሰነች፤ በተለይም የድሆችን የጤና መድን ለመክፈል። ሕጉ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያጨሱት አዋቂዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ከነበሩበት 28.3 በመቶ ወደ 22.7 በመቶ ወርደው ነበር። ታይላንድ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምባሆና በአልኮል ታክስ ላይ 2 በመቶ ተጨማሪ እያስከፈለች የጤና ማበልጸጊያ ተቋም ታስተዳድርበታለች። በኢትዮጵያ ግን የኤክሳይዙ ገንዘብ ከሌላው ገቢ ጋር ወደ አንድ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ቢራ የጠጣው ሰው ስለ ከፈለው ታክስ የሚያየው ነገር የለም።

ለዚህ ገንዘብ የሚሆን ቦታ ሩቅ ፍለጋ አያስፈልግም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከሦስቱ የአማራ ክልል ወረዳዎች አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ሌሎቹ ፎገራና ተሁለደሬ። መድኑ ዛሬ በብዙ ወረዳ ተስፋፍቷል፤ መዋጮ መክፈል የማይችለውን ድሃ ማን ይክፈልለት የሚለው ግን የወረዳዎች ራስ ምታት ነው። ከሲጋራና ከአልኮል ታክስ ጭማሪ የተወሰነ ድርሻ በሕግ ለዚህ ቢመደብ፣ በሞጣ ሆስፒታል አልጋ የያዘ ሰው መዋጮው ከየት እንደተከፈለ ይነገረዋል። አረቄ የምታወጣውም ሴት ታክሱ ጠላቷ ብቻ እንዳልሆነ ታያለች።

እሷን በሚመለከት ቅደም ተከተሉ ግልጽ መሆን አለበት። መጀመሪያ ደኅንነት፦ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አረቄው ሜታኖል እንዳይኖርበት ናሙና ይመርምር፤ አወጣጡን ያስተምር። ቀጥሎ ሌላ የገቢ መንገድ፦ ከዶሮ እርባታ እስከ እንጀራ መጋገር፣ ብድሩም ገበያውም አብሮ የሚመጣበት፤ በሥልጠና ብቻ የሚያልቅ ያልሆነ። ታክስ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ፣ ያውም በጀሪካን ለከተማ በሚያከፋፍለው ትልቅ ነጋዴ ላይ ብቻ ነው። በማኅበር፣ በዝክርና በሠርግ የሚጠመቀው ጠላ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ይሁን፤ መንግሥት የሰው ድግስ ውስጥ ገብቶ የሚቆጥረው ነገር የለውም።

የገንዘብ ሚኒስቴር ታክሱን ለማሳደግ ቀጣዩን ረቂቅ ሲያዘጋጅ የሲጋራው ክፍል ብዙ ማመንታት አያስፈልገውም፤ በፍጥነትና በድፍረት ይጨምር። የመጠጡ ክፍል ግን በአልኮል መጠን ይመዘን፤ የገቢው መዳረሻም በአዋጁ ውስጥ በአንቀጽ ይጻፍ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ በተለይም ከምሥራቅ ጎጃም የተመረጡት፣ ይህ አንቀጽ የሌለበት ረቂቅ ሲቀርብላቸው እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት “ገንዘቡ ለየትኛው ጤና ጣቢያ ይደርሳል?” ብለው ይጠይቁ።